በአሮጌ የግል ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም መገንባት፦ የማኅደረ ትውስታ ወሰንና ሦስቱ መውጫዎች

መግቢያ

አንድ ፕሮግራም ሁለት ዓይነት የማኅደረ ትውስታ ፍላጎት አለው። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሲውል የሚጠይቀው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው የጻፈው የመነሻ ኮድ በኮምፓይለር አማካይነት ወደ ማሽን ቋንቋ ሲለወጥ የሚጠይቀው ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይጻፋል፤ የመመረቂያ ጽሑፎችም የአልጎሪዝሞቻቸውን ፍጥነትና የማኅደረ ትውስታ ፍጆታ በሰንጠረዥ ያቀርባሉ። ስለ ሁለተኛው የሚናገር ግን እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ብዙ ጊዜ ከሁለቱ የሚከብደው ይኸው ሁለተኛው ነው። በጥቂት ሜጋባይት ተደላድሎ የሚሠራ ፕሮግራም ለመገንባት በጊጋባይት የሚቆጠር ቦታ ሊጠይቅ ይችላል።

የዚህ ልዩነት ጉዳት ጎልቶ የሚታየው ዕድሜ በጠገበ ኮምፒውተር ላይ ነው። 2 ወይም 4 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ባለው ላፕቶፕ የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሌላ ተመራማሪን የመነሻ ኮድ አውርዶ መገንባት ሲጀምር፣ ሥራው ከተጋመሰ በኋላ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ኮምፓይለሩን ሊያቋርጥበት ይችላል። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት ስለ ኮዱ ስሕተት አንዳች አይናገርም፤ ሥራው መቋረጡን ብቻ ይገልጻል። ተማሪው ተገንብቶ ያለቀውን ፕሮግራም አውርዶ ማስኬድ ይችል ይሆናል፤ አንዲት መስመር ለውጦ የውጤቱን ለውጥ መመርመር ግን አይችልም። አንባቢ ሆኖ ይቀራል እንጂ ተመራማሪ አይሆንም።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከርለት ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ፕሮግራምን ለመገንባት የሚያስፈልገው ማኅደረ ትውስታ የምርምር ሥራው አካል ነው፤ ስለዚህም ሊለካ፣ ሊገደብና ከውጤቱ ጋር ሊገለጽ ይገባዋል። መንገዱም አዲስ አይደለም። የኮምፓይለር ሠሪዎች ከስድሳ ዓመታት በላይ በተደጋጋሚ የተመላለሱበት ነው።

ወሰኑ ከየት መጣ?

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒውተር የኢንቴል 8088 ፕሮሰሰር ነበረው። ፕሮሰሰሩ 20 የአድራሻ መስመሮች ብቻ ስለነበሩት ሊደርስበት የሚችለው ማኅደረ ትውስታ 1,048,576 ባይት፣ ማለትም 1 ሜጋባይት ነበር። ከዚህም ውስጥ የላይኛው 384 ኪሎባይት ለስክሪን፣ ለተጨማሪ ካርዶችና ለቋሚው ማኅደረ ትውስታ ተመድቦ፣ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙና ለተጠቃሚው ፕሮግራም የቀረው 640 ኪሎባይት ሆነ። በዚያ ላይ የፕሮሰሰሩ ሬጅስተሮች 16 ቢት በመሆናቸው፣ ፕሮግራሙ ያለ ተጨማሪ ስሌት የሚያየው አንድ የ64 ኪሎባይት ክፍል ነበር። የመጀመሪያው ሞዴል በ16 ኪሎባይት ጭምር ይሸጥ ስለነበር፣ 640 ኪሎባይት በጊዜው ሰፊ ሜዳ ይመስል ነበር።

ይህ ሜዳ ፈጥኖ የጠበበው ፕሮግራም በሚገነቡ ሰዎች ላይ ነው። ፕሮግራም ሲገነባ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ብዙ ናቸውና። ዶስ ራሱ አለ፤ ኮምፓይለሩ አለ፤ ኮዱ የሚጻፍበት አርታዒ አለ፤ የመነሻ ኮዱ አለ፤ የተለዋዋጮችና የንዑስ ፕሮግራሞች ስም የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ አለ፤ ኮምፓይለሩ በመካከል የሚፈጥረው የአገባብ ዛፍ አለ፤ በመጨረሻም የሚወጣው የማሽን ኮድ አለ። ሥራው ሲያልቅ ከእነዚህ ሁሉ የሚፈለገው የመጨረሻው ብቻ ነው። የሚሠራው ቤት ትንሽ ቢሆንም ድንጋዩ፣ አሸዋውና ርብራቡ የሚያርፍበት ግቢ ሰፊ መሆን እንዳለበት ሁሉ፣ የፕሮግራም ግንባታም ከፕሮግራሙ የሚበልጥ ቦታ ይጠይቃል።

ከዚህ ጥበት ለመውጣት የተሞከሩት ዘዴዎች ብዙ ቢመስሉም በሦስት ይጠቃለላሉ። አንደኛው ሥራውን በጊዜ መከፋፈል ነው። ሁለተኛው ከሌላ ማከማቻ ቦታ መበደር ነው። ሦስተኛው ሥራውን ሰፊ ማኅደረ ትውስታ ላለው ሌላ ማሽን መስጠት ነው። ሦስቱም ወሰኑን ያሻግራሉ፤ የሚያስከፍሉት ዋጋ ግን አንድ አይደለም።

አንደኛው መውጫ፦ ሥራን መከፋፈል

ከግል ኮምፒውተር ዘመን የቀደመ ቢሆንም፣ የዚህ መንገድ ጥርት ያለ ምሳሌ ለአይቢኤም 1401 የተዘጋጀው የፎርትራን ኮምፓይለር ነው። ኮምፓይለሩ 8,000 ፊደላትን ብቻ በሚይዝ ማኅደረ ትውስታ እንዲሠራ ይጠበቅ ነበር። ሠሪዎቹ በ63 ደረጃዎች ከፋፈሉት። የተለመደው አሠራር ኮምፓይለሩ በማኅደረ ትውስታ ተቀምጦ የመነሻ ኮዱ በፊቱ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። እነርሱ ግን ነገሩን ገለበጡት። የመነሻ ኮዱ በማኅደረ ትውስታ ተቀመጠ፤ የኮምፓይለሩ ደረጃዎች ደግሞ ተራ በተራ እየተጫኑ መጡ። እያንዳንዱ ደረጃ ኮዱን በጥቂቱ ለውጦ ቦታውን ለተከታዩ ይለቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በ63ኛው ደረጃ መጨረሻ የፎርትራን ጽሑፍ የነበረው የማሽን ቋንቋ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው ምሳሌ የኬን ቶምሰን ነው። የሲ ቋንቋ ቅድመ አያት የሆነው ቢ የተሠራው 8,192 ባለ 18 ቢት ቃላትን በሚይዝ ፒዲፒ 7 ማሽን ላይ ነበር። ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ሲ ቋንቋ ዕድገት ባቀረቡት ታሪክ እንደገለጹት፣ በቋንቋው ላይ አንድ ነገር በተጨመረ ቁጥር ኮምፓይለሩ ከማሽኑ ጋር እስኪተናነቅ ድረስ ይሰፋ ነበር። ኮምፓይለሩ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ ግን አዲሱን ነገር ተጠቅሞ እንደገና ሲጻፍ መልሶ ይጠብብ ነበር። የማኅደረ ትውስታ ወሰን እዚህ ላይ ከመሰናክልነት አልፎ መለኪያ ሆኗል። ቋንቋው ላይ የተጨመረው ነገር ቦታውን የሚያስመልስ መሆኑ ወዲያውኑ ይታወቅ ነበርና።

በግል ኮምፒውተሮች ላይ ይህን መንገድ በሰፊው ያስለመደው ተርቦ ፓስካል ነው። አንደርስ ሃይልስበርግ የጻፉትና ቦርላንድ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበያ ያቀረበው ይህ ምርት፣ ኮምፓይለሩንና አርታዒውን አንድ ላይ ከ40 ኪሎባይት ባነሰ ቦታ ይዞ መጣ። የመነሻ ኮዱን አንድ ጊዜ ብቻ ከላይ ወደ ታች እያነበበ እዚያው የማሽን ኮድ ስለሚያወጣ የአገባብ ዛፍ ገንብቶ ማቆየት አላስፈለገውም። የመጀመሪያዎቹ ዕትሞች የሚያወጡት ፕሮግራም ኮድ ከ64 ኪሎባይት እንዳይበልጥ የተገደበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው 4ኛ ዕትም ይህን ወሰን በክፍሎች አሻገረው። ፕሮግራሙ ለየብቻቸው ኮምፓይል ወደሚደረጉ ክፍሎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ 64 ኪሎባይት አለው፤ አንዱ ሲለወጥም የቀሩትን እንደ አዲስ መሥራት አያስፈልግም። ቦታ ለማትረፍ የተበጀው ዘዴ ፕሮግራምን በንጹሕ አወቃቀር የመጻፍ ልማድም ሆነ።

መከፋፈል ሲዘነጋ የሚደርሰውን ደግሞ የጂሲሲ ኮምፓይለር አጀማመር ያሳያል። ሪቻርድ ስቶልማን እንደጻፉት፣ በመጀመሪያ ያሰቡት በሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ የተሠራውን ፓስቴል የተባለ ኮምፓይለር ወደ ሞቶሮላ 68000 ማሽኖች ማዛወር ነበር። ነገር ግን ኮምፓይለሩ ብዙ ሜጋባይት የስታክ ቦታ ሲጠይቅ፣ በእጅ የነበረው የዩኒክስ ሲስተም የሚፈቅደው 64 ኪሎባይት ብቻ ሆነ። ምክንያቱ ሲመረመር ፓስቴል ፋይሉን በሙሉ ወደ አንድ የአገባብ ዛፍ ይለውጥ፣ ዛፉንም በሙሉ ወደ ትእዛዞች ይለውጥ፣ እስከ መጨረሻውም የያዘውን ቦታ ሳይለቅ ይሄድ ነበር። ስቶልማን ሐሳባቸውን ትተው አዲስ ኮምፓይለር ጻፉ።

የዚህ መውጫ ዋጋ በዋናነት ጊዜ ነው። ኮዱ ደጋግሞ ይነበባል፤ ጊዜያዊ ፋይሎች ይጻፋሉ። ኮምፓይለሩ በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ክፍል ብቻ በመሆኑም ፕሮግራሙን በሙሉ ሲመለከት ብቻ የሚያገኛቸው የማፍጠን ዕድሎች ያመልጡታል። ነገር ግን ሥራው በዚያው ማሽን ተጀምሮ በዚያው ማሽን ያልቃል።

ሁለተኛው መውጫ፦ ቦታ መበደር

ሁለተኛው መንገድ ማኅደረ ትውስታው ሰፊ እንደሆነ ማስመሰል ነው። ጥንታዊው ዘዴ ኦቨርሌይ ይባላል። በአንድ ጊዜ አብረው የማይሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች አንድን ቦታ በፈረቃ ይጋራሉ፤ ተራው የደረሰው ከዲስክ ይጫናል፤ የነበረው ይነሣል። በዶስ ዘመን ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን በእጃቸው ማቀድ ነበረባቸው። ተርቦ ፓስካልም በ4ኛው ዕትም የተወውን ኦቨርሌይ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው 5ኛ ዕትም መልሶ አስገብቶታል። በግንባታው በኩል ደግሞ የተጠናቀቀው ፕሮግራም ከማኅደረ ትውስታ ይልቅ በዲስክ ላይ እንዲጻፍ፣ ክፍሎቹን የሚያገጣጥመው ሊንከርም የሥራ ቦታውን ወደ ዲስክ እንዲያዞር የሚያዝዙ አማራጮች ነበሩ። ግንባታው ይዘገያል፤ ነገር ግን ያልቃል።

ሌላው ብድር መስኮት ነበር። ሎተስ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1985 በተስማሙበት ደንብ መሠረት፣ በተጨማሪ ካርድ ላይ ያለ ሰፊ ማኅደረ ትውስታ በ16 ኪሎባይት ገጾች እየተከፋፈለ በ64 ኪሎባይት መስኮት በኩል ለፕሮግራሙ ይታይ ነበር። በተመሳሳይ ዓመት የወጣው የኢንቴል 80386 ፕሮሰሰር እስከ 4 ጊጋባይት የሚደርስ የ32 ቢት አድራሻ ይዞ ሲመጣ ግን ጥያቄው ተለወጠ። ማሽኑ ሰፋ፤ ዶስ ግን በ640 ኪሎባይት ውስጥ ቀረ። ይህን ክፍተት የሞሉት የዶስ ማስፋፊያ የተባሉት ፕሮግራሞች ናቸው። ፕሮሰሰሩን ወደ 32 ቢት አሠራር አሸጋግረው ትልቁን ፕሮግራም ያስኬዳሉ፤ ፋይል ማንበብና መጻፍ ሲያስፈልግ ለአፍታ ወደ ዶስ ይመለሳሉ።

ዲጄጂፒፒ የተባለው የመሣሪያዎች ስብስብ የተወለደው ከዚህ ነው። ዲጄ ዴሎሪ ስለ አጀማመሩ በጻፉት ታሪክ መሠረት፣ ስቶልማን በአንድ የዩኒክስ ተጠቃሚዎች ስብሰባ ላይ ጂሲሲ ወደ ዶስ መቼ እንደሚመጣ ተጠይቀው፣ ኮምፓይለሩ ትልቅ በመሆኑና ዶስም የ32 ቢት ሲስተም ባለመሆኑ እንደማይቻል መልሰው ነበር። ዴሎሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ሥራውን ጀመሩ፤ ኮምፓይለሩም በዶስ ላይ ሠራ። የጎደለውን ማኅደረ ትውስታ ከዲስክ እየተበደረ ስለሚሠራም አነስተኛ ማሽን ያላቸው ሰዎች በራሳቸው ቤት ሙሉ የሲ ኮምፓይለር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኩዌክ የተባለ ጨዋታ የዶስ ዕትም የተገነባው በዚሁ መሣሪያ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት የማይቻል የተባለው ሁሉ ይቻላል የሚል አይደለም። ወሰኑ የማሽኑ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወይስ የልማድ መሆኑን ሳይለዩ አይቻልም ማለት እንደማይገባ ነው።

ብድር ወለድ አለው። ዲስክ ከማኅደረ ትውስታ እጅግ የዘገየ ስለሆነ ግንባታው ከመጠን በላይ ሲበደር ማሽኑ ሥራውን ትቶ ገጽ በማመላለስ ብቻ ይጠመዳል። ያም ሆኖ በልኩ ሲሆን ዛሬም የሚጠቅም ነው። አንድ ጊጋባይት የጎደለው ግንባታ በዲስክ ብድር ሌሊቱን ሠርቶ ሊያልቅ ይችላል፤ የሚቋረጥ ግንባታ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራም ውጤት የለውም።

ሦስተኛው መውጫ፦ ለሌላ ማሽን መስጠት

ሦስተኛው መንገድ ቀላሉ ነው። ፕሮግራሙ ለአሮጌው ኮምፒውተር የታሰበ ቢሆንም ኮምፓይል የሚደረገው በአዲስና በሰፊ ማሽን ላይ ነው። አሮጌው የሚቀበለው የተጠናቀቀውን ብቻ ነው። ይህ መንገድ ለትንንሽ ማይክሮፕሮሰሰሮች ግዴታ ነው፤ ለእነርሱ ሌላ አማራጭ የለም። ችግር የሚሆነው ለግል ኮምፒውተሮችም ያለ ውይይት ብቸኛ መንገድ ሲሆን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ በፋየርፎክስ ላይ የደረሰው ይህን ያስረዳል። የዊንዶውስ የ32 ቢት ዕትም ሲገነባ ሊንከሩ የፕሮግራሙን ዋና ክፍል በሙሉ አንድ ላይ ለማፍጠን ሲሞክር፣ አንድ የ32 ቢት ሂደት ሊይዝ የሚችለውን 3 ጊጋባይት የአድራሻ ቦታ ጨረሰ። ማሽኑ ላይ ተጨማሪ ማኅደረ ትውስታ መትከል ምንም አልጠቀመም፤ ያለቀው አድራሻው እንጂ ባይቱ አልነበረምና። ሠሪዎቹ መጀመሪያ የተወሰኑ ክፍሎችን ከዋናው አወጡ፤ ኋላም ግንባታውን ሰፊ የአድራሻ ቦታ ወደሚሰጥ የ64 ቢት ሲስተም አዛወሩ። ውሳኔው ለሥራቸው ተገቢ ነበር። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፦ ፋየርፎክስን የሚያስኬደው የ32 ቢት ኮምፒውተር ፋየርፎክስን በተመሳሳይ ሁኔታ መገንባት የማይችል ሆነ።

በነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ዓለም በዚህ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ አቋሞች አሉ። ኔትቢኤስዲ ሙሉው ሲስተም ከማንኛውም ተስማሚ ማሽን ላይ ለሌላ ማሽን እንዲገነባ አመቻችቷል፤ በዚህም ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮችን በሕይወት አቆይቷል። ኦፕንቢኤስዲ በተቃራኒው እያንዳንዱ ዕትም በራሱ ዓይነት ማሽን ላይ እንዲገነባ ይፈልጋል፤ ራሱን መገንባት የቻለ ሲስተም ብዙ ፈተና ያለፈ ነውና፣ በሌላ ማሽን ላይ የማይታይ ስሕተትም በዚህ ይገለጣል። ሁለቱም አቋሞች ምክንያት አላቸው። የኔትቢኤስዲ መንገድ የሚያስተማምነው ግን የግንባታው አሠራር በሙሉ ክፍት ስለሆነና ማንም ሊደግመው ስለሚችል ነው። አሠራሩ ባይገለጽ ኖሮ የአሮጌው ማሽን ባለቤት ተመጽዋች ሆኖ ይቀር ነበር።

የዚህ መውጫ ዋጋ ጊዜም ፍጥነትም አይደለም፤ ጥገኝነት ነው። ሌላ ሰው እስከገነባ ድረስ ብቻ አሮጌው ማሽን ያገለግላል። ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ ዕትሙ ለቆዩት የ32 ቢት የኢንቴል ዓይነት ኮምፒውተሮች ከርነልና መጫኛ ማቅረቡን አቁሟል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የራሱን ፕሮግራም መገንባት የሚችል ሰው ጊዜ ያገኛል፤ የማይችል ግን ማሽኑን ያጣል። ሌላም አደጋ አለ። ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባደረጉት የታወቀ ንግግር እንዳሳዩት፣ በመነሻ ኮዱ ላይ ፈጽሞ የማይታይ ተንኮል በኮምፓይለሩ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። የሌላ ሰው ኮምፓይለር የሠራውን ብቻ የሚጠቀም ሰው የሌላ ሰውን ቃል ይቀበላል ማለት ነው። ለተራ ተጠቃሚ ይህ የማይቀር ሊሆን ይችላል። ለተመራማሪ ግን ውጤትን ደግሞ የማረጋገጥ መሠረታዊ ግዴታን ይነካል።

ተቃውሞዎችና መልሳቸው

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው ማኅደረ ትውስታ ርካሽ ሆኗል የሚል ነው። ርካሽነት ግን ከገዢው አቅም ጋር የሚለካ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ዕቃ በሚገዛበት አገር የዋጋው ነገር ሌላ መልክ አለው። ከዋጋውም በላይ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ከ4 ጊጋባይት በላይ አይቀበሉም፤ የ32 ቢት ሂደትም ምን ያህል ማኅደረ ትውስታ ቢተከል ከ4 ጊጋባይት አድራሻ አያልፍም። ገንዘብ የማይፈታው ወሰን አለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ተማሪው የዩኒቨርሲቲውን ሰርቨር ወይም በርቀት የሚከራይ ማሽን ይጠቀም የሚል ነው። ይህ በተገኘ ጊዜ መልካም ነው። ነገር ግን መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚቋረጥ፣ ወረፋና ፈቃድ የሚጠይቅ መንገድ ነው። ምርምር ደግሞ በብዛት የሚሄደው በትንንሽ ሙከራዎች ነው። አንዲት መስመር ለውጦ ለማየት ወረፋ የሚጠብቅ ተማሪ ብዙ ሳይቆይ መስመር መለወጡን ይተዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ፕሮግራሙን በሙሉ አንድ ላይ የሚመረምር ኮምፓይለር የተሻለ የማሽን ኮድ ያወጣል፤ ይህም ማኅደረ ትውስታ ይፈልጋል። እውነት ነው። ይሁንና ምርጫው ከሁለት አንዱ ብቻ አይደለም። በኤልኤልቪኤም ውስጥ የሚሠራውና እ.ኤ.አ. በ2017 በጉባኤ የቀረበው ቲን ኤልቲኦ የተባለው ዘዴ ከየፋይሉ አጭር ማጠቃለያ ብቻ ሰብስቦ ጠቅላላ ውሳኔውን በማጠቃለያው ላይ ያሳልፋል፤ ከዚያ እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ይሠራል። ሙሉው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ በማኅደረ ትውስታ ሳይቀመጥ አብዛኛው ጥቅም ይገኛል። ይህ ከ1401 ፎርትራን ጋር በመንፈስ አንድ ነው፤ ትልቁ ሥራ ተከፋፍሎ ይሠራል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በመነሣት ፕሮግራም ለሚያሳትሙ ተመራማሪዎችና ለሚያማክሯቸው መምህራን አራት ነጥቦችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ይለካ። በዩኒክስ ቤተሰብ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ አንድ ሥራ የደረሰበትን ከፍተኛ የማኅደረ ትውስታ መጠን የሚመዘግቡ መሣሪያዎች አሉ። ይህ ቁጥር፣ በአንድ ጊዜ የተካሄዱት ሥራዎች ብዛትና የኮምፓይለሩ ዕትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊገለጹ ይችላሉ። የሥራዎቹ ብዛት መገለጹ በተለይ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል፣ እያንዳንዱ ፋይል ኮምፓይል ሲደረግ 1.2 ጊጋባይት የሚፈልግ ከሆነ፣ አራት ሥራዎች በአንድ ጊዜ ሲካሄዱ 4.8 ጊጋባይት ይጠየቃል፤ 4 ጊጋባይት ያለው ማሽን ይወድቃል። በሁለት ሥራ ግን 2.4 ጊጋባይት ይበቃል፤ ያው ማሽን ሥራውን ይጨርሳል። ተማሪው የጎደለው ማሽን ሳይሆን አንድ ቁጥር ነበር።

ሁለተኛ፣ ይገደብ። ፕሮግራሙ በስንት ጊጋባይት ሊገነባ እንደሚገባ አስቀድሞ ተወስኖ፣ ለግንባታው ያ መጠን ብቻ ተፈቅዶ ይፈተን። ወሰኑ ሲጣስ የትኛው ፋይል እንደጣሰው ወዲያውኑ ይታወቃል። ቶምሰን በ8,192 ቃላት ያገኙት መለኪያ ዛሬም በፈቃድ ሊሠራበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ የጠባብ ማሽን አሠራር ተጽፎ ይቅረብ። በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ማካሄድ፣ ለስሕተት ፍለጋ የሚጨመረውን መረጃ ማስቀረት፣ ሊንከሩ የስሞችን ሰንጠረዥ ይዞ ከመቆየት ይልቅ ከፋይሉ ደግሞ እንዲያነብ ማዘዝ፣ እጅግ የረዘሙ ፋይሎችን መክፈል፦ እነዚህ የታወቁና በብዙ መሣሪያዎች ያሉ አማራጮች ናቸው። ትልልቅ የመረጃ ሰንጠረዦችንም በመነሻ ኮድ ውስጥ ከመዘርዘር መቆጠብ ይገባል። ኮምፓይለሩ ለእያንዳንዷ ቁጥር ከራሷ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ፣ ጥቂት ሜጋባይት መረጃ ግንባታውን ሊያፈርሰው ይችላል። የሲ ቋንቋ አዲሱ ደረጃ፣ ሲ23፣ ፋይልን በቀጥታ ወደ ፕሮግራሙ የሚያስገባ ትእዛዝ የጨመረው በከፊል ለዚህ ነው። ከዚያ ይልቅ ፕሮግራሙ ሲነሣ መረጃውን ከፋይል ቢያነብም ይሻላል።

አራተኛ፣ ሥራው ለሌላ ማሽን መሰጠቱ የማይቀር ከሆነ አሠራሩ በሙሉ ክፍት ይሁን። የትኛው ኮምፓይለር፣ በምን አማራጮች፣ በምን ሲስተም ላይ እንደገነባው ተገልጾ፣ ሌላ ሰው ሲደግመው እያንዳንዱ ባይት አንድ ዓይነት ሆኖ የሚወጣ ቢሆን ጥገኝነቱ ሊረጋገጥ ወደሚችል መተማመን ይለወጣል።

ማጠቃለያ

የ640 ኪሎባይት ወሰን ታሪክ ሆኗል፤ በእርሱ ላይ የተነሣው ጥያቄ ግን አልሞተም። በየዘመኑ ሰፊ የተባለው ሜዳ ጠብቧል፤ 64 ኪሎባይት፣ 640 ኪሎባይት፣ 3 ጊጋባይት። ወሰኑን ለማለፍ ያሉት መውጫዎች ሦስት ሲሆኑ ቅደም ተከተላቸው ሊታሰብበት ይገባል። መከፋፈል ጊዜ ያስከፍላል፤ መበደር ፍጥነት ያስከፍላል፤ ለሌላ መስጠት ግን ባለቤትነትን ያስከፍላል። ጊዜና ፍጥነት ተመልሰው ይገኛሉ። የራስን መሣሪያ የመሥራት ችሎታ አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ መመለሱ አስቸጋሪ ነው።

ሁሉም ፕሮግራም በሁሉም አሮጌ ማሽን ላይ ይገንባ ማለት አይደለም። ነገር ግን ማንም ያልለካው ወሰን ማንንም ሳያስጠነቅቅ ያገልላል። በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ የምትጨመር አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም ይህ ፕሮግራም በዚህን ያህል ማኅደረ ትውስታ ይገነባል የምትል፣ ለጸሐፊው የአንድ ሰዓት ሥራ ናት። አሮጌ ላፕቶፑን ይዞ ያንኑ ምርምር ለመቀጠል ለተነሣ ሌላ ተማሪ ግን ተመልካች ሆኖ በመቅረትና ተሳታፊ በመሆን መካከል ያለች ልዩነት ልትሆን ትችላለች።